አንድ ቃል ወይስ ሁለት? ክፍተት የሚለውጠው ትርጉም

መስቀል ፍላወር አካባቢ የሚመላለስ ሰው ልብ ቢል የሚያየው ነገር አለ፡፡ የሰፈሩ ስም በአንዱ ሱቅ ሰሌዳ ላይ «መስቀል ፍላወር» ተብሎ በሁለት ቃል፣ በሌላው ላይ ደግሞ «መስቀልፍላወር» ተብሎ በአንድ ቃል ተጽፎ ይገኛል፡፡ የታክሲው ረዳት በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠራው ለጆሮ ልዩነት የለውም፡፡ እኔ በዚሁ ሰፈር ሰነድ በመተርጎምና የሰው ጽሑፍ በማረም የምተዳደር በመሆኔ፣ ከደንበኞቼ በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄም «ይኼ ቃል ይያያዛል ወይስ ይለያያል?» የሚል ነው፡፡

ብዙዎች ነገሩን የምርጫ ጉዳይ አድርገው ይመለከቱታል፡፡ በከፊል እውነት አላቸው፡፡ ሁሉም ጋዜጣና ሁሉም ማተሚያ ቤት የሚገዛበት አንድ ወጥ ደንብ የለም፡፡ ነገር ግን ክፍተቱ ትርጉም የሚለውጥባቸው ቃላት አሉ፤ ክፍተቱ የሰውን ስም ለሁለት የሚከፍልባቸው ቅጾችም አሉ፡፡ እነዚህ ሁለቱ የምርጫ ጉዳይ አይደሉም፡፡ በዚህ ጽሑፍ በዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ ላይ በብዛት የሚያጋጥሙኝን ከነመፈተኛቸው አቀርባለሁ፡፡

ከሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ

ጥያቄው እንዲህ የበዛበት አንዱ ምክንያት የሥርዓተ ነጥብ ለውጥ ነው፡፡ በጥንታዊዎቹ የአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ቃልን ከቃል የሚለየው ቋሚ መስመር ነበር፡፡ በብራና መጻሕፍት ይህን ሥራ ሁለት ነጥብ (፡) ወሰደ፡፡ ጸሐፊው አንድ ቃል ሲጨርስ ሁለቱን ነጥቦች በእጁ ያኖራል፤ ስለዚህ የቃሉ ማለቂያ የት እንደሆነ ሳይወስን ማለፍ አይችልም ነበር፡፡ በኅትመትና በጽሕፈት መኪና ዘመን ሁለት ነጥብ ቀስ በቀስ ለባዶ ቦታ ሥፍራውን ለቀቀ፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ሲካተት ሁለት ነጥብም የራሱን መለያ ቁጥር አግኝቷል፡፡ ቁልፉ አለ፤ የሚነካው ሰው ግን ጥቂት ነው፡፡ ባዶ ቦታ ደግሞ ሳይታወቅ ይጨመራል፣ ሳይታወቅም ይዘለላል፡፡

ካዛንቺስና ለገሃር

ሁለት ቃላት አንድ የሚሆኑበትን መንገድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ «ካዛንቺስ» የአንድ ሰፈር ስም ከመሆኑ በፊት ሁለት የጣሊያን ቃላት ነበር፡፡ «ካዛ» ቤት ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራው የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው፡፡ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ወቅት የተሠሩት ቤቶች ስማቸውን ለሰፈሩ ሰጡ፡፡ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት አብዛኛው የድሮ ካዛንቺስ ፈርሷል፤ ስሙ ግን በአንድ ቃል ቀርቷል፡፡ «ለገሃር»ም እንዲሁ ነው፡፡ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ይሉት ነበር፤ «ባቡር ጣቢያው» እንደማለት ነው፡፡ የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አዋህዶ አንድ አደረጋቸው፡፡

በሁለቱም ስሞች ውስጥ የሆነው አንድ ነገር ነው፡፡ ክፍሎቹ ብቻቸውን ለአማርኛ ተናጋሪው ትርጉም አልነበራቸውም፤ ድምፃቸውም ተለወጠ፡፡ ስለዚህ ተጋጠሙ፡፡ በ«መስቀል ፍላወር» ግን «መስቀል» የታወቀ የአማርኛ ቃል ነው፤ «ፍላወር»ም እንግሊዝኛ ቢሆንም አበባ ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል፡፡ አደይ አበባን በእንግሊዝኛ የምንጠራበት ስም ነው፡፡ ሁለቱም ክፍሎች በሕይወት ስላሉ በሁለት ቃል መጻፉ ይሻላል፡፡ «አዲስ አበባ»፣ «አራት ኪሎ» እና «ሳር ቤት» በሁለት ቃል የሚጻፉትም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ሦስት መፈተኛዎች

አንደኛው መፈተኛ የድምፅ ለውጥ ነው፡፡ ሁለት ቃላት ሲገናኙ ድምፃቸው ከተዋጠ ወይም ከተለወጠ ይያያዛሉ፡፡ «ይመጣል» በውስጡ «አለ» የሚለውን ረዳት ግሥ ይዟል፤ ነገር ግን ድምፁ ስለተዋጠ አንድ ቃል ነው፡፡ «ይመጣ ነበር» ላይ ግን «ነበር» ምንም ሳይጎድልበት ስለቆመ ተለይቶ ይጻፋል፡፡ «እያንዳንዱ» («እየ» እና «አንድ አንዱ») እና «እስካሁን» («እስከ» እና «አሁን») በአንድ ቃል የሚጻፉትም ለዚህ ነው፡፡

ሁለተኛው መፈተኛ የብዙ ቁጥር ነው፡፡ «ቤተ ክርስቲያን» ሲበዛ «አብያተ ክርስቲያናት» ይሆናል፤ «ርእሰ መምህር» ደግሞ «ርእሳነ መምህራን»፡፡ ሁለቱም ክፍሎች ለየብቻቸው ከበዙ ሁለት ቃላት ናቸው ማለት ነው፡፡ «ቤተሰብ» ግን «ቤተሰቦች» እንጂ «አብያተ ሰብ» አይባልም፡፡ መነሻው ያው የግዕዙ «ቤተ» ቢሆንም በአማርኛ አንድ ቃል ሆኗል፤ ተያይዞ ይጻፋል፡፡

ሦስተኛው መፈተኛ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፡፡ «ጥቁሩ ሰሌዳ» ስንል ቀለሙ ጥቁር የሆነውን ማንኛውንም ሰሌዳ ማለታችን ሲሆን፣ «ጥቁር ሰሌዳው» ስንል ግን መምህሩ የሚጽፍበትን ነው፡፡ አመልካቹ «ው» መጨረሻው ላይ መግባቱ ሁለቱ ቃላት በትርጉም አንድ ዕቃ እንደሆኑ ያሳያል፡፡ «ትምህርት ቤቱ»፣ «ምግብ ቤቱ» እና «ሥራ አስኪያጁ»ም እንዲሁ ናቸው፡፡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ «ትርጉሙ አንድ ስለሆነ ይያያዝ» ይላል፡፡ የአማርኛ ልማድ ግን ይህ አይደለም፡፡ በትርጉም አንድ የሆኑ በርካታ ጥምር ስሞች ክፍሎቻቸው በግልጽ እስከታወቁ ድረስ በሁለት ቃል ይጻፋሉ፡፡ ስለዚህ ይህ መፈተኛ ጥምር ስም መሆኑን ይነግረናል እንጂ ይያያዝ ብሎ አያዝም፡፡

ክፍተቱ ትርጉም የሚለውጥባቸው

የሚከተሉት ጥንዶች ሲያያዙና ሲለያዩ ሌላ ነገር ይናገራሉ፡፡ የፊደል አራሚ ፕሮግራም አያድንም፤ ሁለቱም አጻጻፎች ትክክል ናቸውና፡፡

እንደገና፣ እንደ ገና፡- «ስብሰባው እንደገና ይጠራል» ማለት ድጋሚ ይጠራል ነው፡፡ «እንደ ገና የሚናፍቀኝ በዓል የለም» ሲባል ግን ታኅሣሥ 29 የሚውለው በዓል ነው፡፡

አንዳንድ፣ አንድ አንድ፡- «አንዳንድ ሠራተኞች አበል ተከፍሏቸዋል» ቢባል ጥቂቶቹ ናቸው፡፡ «ለሠራተኞቹ አንድ አንድ ሺህ ብር ተከፍሏቸዋል» ቢባል ደግሞ እያንዳንዱ ደርሶታል፡፡ በንግግር ሁለቱንም «አንዳንድ» ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ በተለይ ገንዘብ ባለበት ጽሑፍ መለየቱ ይጠቅማል፡፡

ምናለ፣ ምን አለ፡- «ምናለ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ» ምኞትና ወቀሳ ነው፡፡ «ዳኛው ምን አለ?» ጥያቄ ነው፡፡

ምንጊዜም፣ ምን ጊዜ፡- «ምንጊዜም አይዘገይም» ሁልጊዜ ማለት ነው፡፡ «ምን ጊዜ ደረሳችሁ?» ሰዓት መጠየቅ ነው፡፡

ባለቤት፣ ባለ፡- የንብረቱ ጌታ ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሆን «ባለቤት» በአንድ ቃል ነው፤ «ባለሙያ» እና «ባለሥልጣን»ም እንዲሁ፡፡ «ባለ» ከአንድ ቃል በላይ የሆነ ሐረግ ሲያስከትል ግን ይለያል፤ «ባለ ሁለት መኝታ ቤት»፣ «ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ»፡፡

ስለዚህ፡- ይህ ቃል በሁለቱም ትርጉሙ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ የሚለየው ነጠላ ሰረዝ ነው፡፡ «ስለዚህ ጉዳይ ተነጋገርን» እና «ስለዚህ፣ ጉዳዩ ተዘጋ» የተለያዩ ናቸው፡፡

ሁልጊዜ ተለያይተው የሚጻፉ

በ«አለ» የሚነገሩ ግሦች ምንጊዜም ሁለት ቃል ናቸው፡- ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀስ አለ፡፡ ከእነርሱ የሚወጣው ስም ግን አንድ ቃል ሊሆን ይችላል፤ «ዝም አለ» እና «ዝምታ»ን ማስተያየት ይበቃል፡፡ ድግግሞሽም ይለያል፡- ልዩ ልዩ፣ ዋና ዋና፣ አልፎ አልፎ፡፡ ከግዕዝ በተናባቢነት የመጡትም እንዲሁ፡- ሕገ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ጽሑፍ፡፡ በእነዚህ ላይ የመጀመሪያው ቃል ማለቂያ ወደ ግዕዝ ድምፅ መለወጡ («ቤት» የነበረው «ቤተ» መሆኑ) በአማርኛ «የ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፡፡ ማያያዣው ድምፁ ውስጥ ስላለ ቃላቱን በጽሑፍ ማጣበቅ አያስፈልግም፡፡

መስተዋድድን በተመለከተ ጠንቃቃ አራሚዎች የሚከተሉት ልማድ ቀላል ነው፡፡ ባለ አንድ ፊደሎቹ (በ፣ ለ፣ ከ፣ የ) ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይያያዛሉ፡፡ ከአንድ ፊደል በላይ የሆኑት (ወደ፣ ስለ፣ እንደ፣ እስከ) ከስም በፊት ይለያሉ፡- ወደ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ እስከ ማክሰኞ፡፡ ከግሥ በፊት ግን ይያያዛሉ፡- እንደመጣ፣ ስለሆነ፡፡ በቆዩ መጻሕፍት «እንደ መጣ» እና «ስለ ሆነ» ተለያይተው ይገኛሉ፤ ያ ስሕተት ሳይሆን የዘመኑ ልማድ ነው፡፡ ቅድመ ቅጥያም በዚሁ መንገድ ቢታይ ያስኬዳል፡- «ኢፍትሐዊ» ይያያዛል፣ «ፀረ ሙስና» ይለያል፡፡

ደመወዝ የሚያስከትል ክፍተት

አንድ ጊዜ እንድተረጉመው የመጣ የአንድ ድርጅት ደብዳቤ ስለ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ይል ነበር፡- «ዝውውሩ እስኪጸድቅ ድረስ አሁን ያለደመወዝ ይቀጥላል፡፡» እንደተጻፈው ከሆነ ሰውየው ደመወዝ ሳያገኝ ይሠራል ማለት ነው፡፡ «አሁን ያለ ደመወዝ» ቢባል ደግሞ በእጁ ያለው ደመወዝ ሳይለወጥ ይቀጥላል ማለት ሊሆን ይችላል፡፡ በጽሑፍ ሁለቱን የሚለያቸው ክፍተቱ ብቻ ነው፡፡ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ግን አንዱን መምረጥ አለበት፡፡ ደብዳቤውን ያረቀቁትን ስጠይቅ ማለት የፈለጉት ሁለተኛውን ነበር፡፡

እዚህ ላይ ክፍተት መጨመሩ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም በሁለት ቃል ይጻፋልና፡፡ የሚያዋጣው ቃሉን መለወጥ ነው፡፡ «አሁን ያለው ደመወዝ» ወይም «ደመወዝ ሳይከፈለው» ቢባል አከራካሪ ነገር አይቀርም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኞች ከቃሉ ወጥተው በትርጉም የተዋዋዮቹን ሐሳብ እንዳይፈልጉ ይከለክላል፡፡ የተጻፈው ነገር «ግልጽ» መስሎ ከታየ፣ ሐሳቤ ሌላ ነበር ማለት ከባድ ነው፡፡ አማርኛው የትርጉም ማብራሪያ ብቻ የሚመስላቸው ደንበኞችም አሉ፡፡ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ ሕጎችም በሁለት ቋንቋ ታትመው ልዩነት ቢፈጠር የበላይነት ያለው አማርኛው እንደሆነ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደንግጓል፡፡

የሰው ስም

ከሁሉም የከፋ መዘዝ የሚያመጣው የጥምር ስም አጻጻፍ ነው፡፡ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ስም ናቸው፡፡ የእኛ አጠራር የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ተከታትሎ ስለሚይዝ፣ ሦስቱም ጥምር ከሆኑ ስድስት ቃል ይሆናል፡፡ የውጭ አገር ቅጽ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሣጥን ብቻ አለው፡፡ በክፍተት የተጻፈው «ገብረ መድኅን» «ገብረ» የራሱ ስም፣ «መድኅን» የአባቱ ስም ተደርጎ ይመዘገባል፤ እውነተኛው አባት ወደ አያት ቦታ ይገፋሉ፣ አያትየው ከወረቀቱ ይወጣሉ፡፡ ከዚያ በኋላ የልደት የምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ሌላ ደብዳቤ ይፈለጋል፡፡

የታወቁ ሰዎችን ስም ማየት ይቻላል፡፡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በላቲን ፊደል በሁለት ቃል ስለተጻፉ፣ ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች «ሥላሴ» የቤተሰብ ስማቸው መስሏቸው በእሱ ብቻ ጠርተዋቸዋል፡፡ የሯጩ የኃይሌ ገብረሥላሴ የአባት ስም ግን በላቲን ፊደል በአንድ ቃል ስለተጻፈ ይህ አልደረሰበትም፡፡ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኃይለማርያም ደሳለኝም ስማቸውን በአንድ ቃል ይጽፋሉ፡፡

ስለዚህ በሰው ስም ላይ ከላይ ያስቀመጥነውን የሰዋስው መፈተኛ ትተን ሌላ መንገድ መያዝ ይኖርብናል፡፡ በሥነ ጽሑፍና በታሪክ ጽሑፍ «ገብረ መድኅን» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፡፡ በቅጽ ላይ ግን አያይዞ መጻፍ ይሻላል፤ በተለይ በላቲን ፊደል፡፡ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ብዙ አገልግሎቶች በአንድ የመታወቂያ መዝገብ ላይ ወደ መደገፍ እየሄዱ ስለሆነ፣ ለልጅ የልደት ምዝገባ ሲደረግም ሆነ ለፋይዳ ሲቀረብ የስሙን ክፍተት ከመፈረም በፊት ማየት ያስፈልጋል፡፡ ቀድሞ የወጣ ሰነድ ካለ ደግሞ ትክክል የሚመስለንን ሳይሆን በዚያ ላይ ያለውን መከተል ነው፡፡

እንግሊዝኛውስ?

የእኛ ችግር ብቻ አይደለም፡፡ «ቱዴይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በመካከሉ ጭረት እየገባ ይጻፍ ነበር፡፡ በቢሮ ጽሑፍ ላይ በብዛት የሚምታቱት የሚከተሉት ናቸው፡፡ «ኤቭሪ ዴይ» በሁለት ቃል «በየቀኑ» ማለት ነው፤ በአንድ ቃል ሲሆን ቅጽል ሆኖ «የዘወትር» ማለት ነው፡፡ «ሜይቢ» በአንድ ቃል «ምናልባት» ነው፤ «ሜይ ቢ» በሁለት ቃል «ሊሆን ይችላል» የሚል ግሥ ነው፡፡ «ሎግ ኢን»፣ «ሴት አፕ» እና «ባክ አፕ» ግሥ ሲሆኑ ሁለት፣ ስም ሲሆኑ አንድ ቃል ናቸው፡፡ «ብዙ» ለማለት የሚጻፈው «ኤ ሎት» ምንጊዜም ሁለት ቃል ነው፡፡ «ብላክቦርድ» በአንድ ቃል የመምህሩ ሰሌዳ፣ በሁለት ቃል ማንኛውም ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ እኛ በ«ው» የምንለየውን እነርሱ በክፍተት ይለዩታል፡፡

ኮምፒዩተር ፊት

በመጨረሻ የፍለጋ ጉዳይ አለ፡፡ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል እንውሰድ፡፡ «ሥ» ወይም «ስ»፣ «ጽ» ወይም «ፅ»፣ «ሑ»፣ «ሁ» ወይም «ኁ» ሊጻፍ ይችላል፡፡ እነዚህ ብቻ 12 አጻጻፍ ይሰጣሉ፡፡ ክፍተት መኖርና አለመኖር ሲጨመር 24 ይሆናል፡፡ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ሦስት ጸሐፊዎች በሦስት መንገድ ከጻፉት፣ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ከፊሉን ነው፤ ያላገኘውም እንደሌለ ይቆጠራል፡፡

ስለዚህ ለምሠራላቸው ሁሉ የምመክረው ይህን ነው፡፡ በመሥሪያ ቤታችሁ በብዛት የምትጠቀሙባቸውን ሠላሳና አርባ ጥምር ቃላት በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ አጻጻፋቸውን ወስኑ፣ ገጹንም ለሚጽፍ ሰው ሁሉ ስጡ፡፡ ትርጉም የሚለውጡትን ጥንዶች ለይታችሁ ከላይ አስቀምጧቸው፡፡ በሁለት ቃል የወሰናችሁት ስም በመስመር መጨረሻ ላይ «ቤተ» እዚህ፣ «መንግሥት» እዚያ ሆኖ እንዳይቆረጥ፣ በማይክሮሶፍት ወርድ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዛችሁ የባዶ ቦታውን ቁልፍ ብትጫኑ ሁለቱ አይለያዩም፡፡ ውልና ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፅ ሳታሰሙ በዓይናችሁ ብቻ አንብቡት፤ ጆሮ ያልለየውን ክፍተት የሚያገኘው ዓይን ነውና፡፡